ከቅኝ አገዛዝ መላቀቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ከቅኝ አገዛዝ መላቀቅ» ሲባል ታጋዮች ሁሉ አንድ ነገር የሚጠይቁ ይመስላል። የኒው ካሌዶኒያው ካናክ፣ የአሜሪካው ላኮታና የኒው ዚላንዱ ማኦሪ፣ ሦስቱም ነባር ሕዝቦች፣ ጥያቄያቸው ግን ለየቅል ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ቅኝ ግዛት ድሮ ቀርቷል»

አልቀረም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1960 ቅኝ አገዛዝ እንዲያበቃ በ89 ድጋፍና በ9 ድምፀ ተዓቅቦ ወስኗል፤ አንድም ተቃዋሚ አልነበረም። ድርጅቱ «ራሳቸውን አያስተዳድሩም» ብሎ የመዘገባቸው 17 ግዛቶች ግን ዛሬም አሉ፤ ምዕራብ ሳህራ፣ ጉዋምና ኒው ካሌዶኒያ ከእነዚሁ ናቸው።

«ሕዝበ ውሳኔ ከተደረገ ጉዳዩ አለቀለት»

ከውጤቱ በፊት የመራጮች መዝገብ ይታይ። ፈረንሳይ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያለችውን ኒው ካሌዶኒያን የያዘችው በ1853 ነው። በ1972 የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ሜስመር በጻፉት ደብዳቤ ከውጭ ብዙ ሰው እንዲሰፍር መከሩ። ምክንያቱንም አልደበቁም፦ መጤው ካልበዛ የነባሩን ሕዝብ ብሔርተኛ ጥያቄ ማስቀረት አይቻልም። በ2019 ቆጠራ የደሴቲቱ ባለቤቶች፣ ካናኮች፣ ከነዋሪው 41 በመቶ ገደማ ነበሩ። ስለ ነፃነት ሕዝበ ውሳኔ እንዲካሄድ በተስማሙበት በ1998ቱ የኑሜአ ስምምነት ዘግይቶ የመጣ ሰው ከመዝገቡ እንዲቀር የተደረገውም ለዚህ ነው።

በ2020ው ሕዝበ ውሳኔ ነፃነትን 46.7 በመቶ ደገፉ። በ2021 ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ሲቃረብ ኮቪድ ብዙ ካናኮችን ገደለ፤ ካናኮቹም «ለቅሶ ላይ ነን፣ ምርጫው ይራዘም» አሉ። ፓሪስ እምቢ አለች፤ እነሱም ሳይወጡ ቀሩ። 96.5 በመቶ «አንለይም» አለ ተባለ፤ ድምፅ የሰጠው ግን ከተመዝጋቢው 44 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ጠቅሶ ሁለተኛውን መተው ሰውን ማሳሳት ነው። በ2024 ፓሪስ መዝገቡን 10 ዓመት ለኖሩ ሁሉ ልትከፍት ስትነሳ ደም ያፋሰሰው ሁከትም የተነሳው በዚሁ መዝገብ ነው።

«ካሳ ከተከፈለ ይበቃል»

የ1868ቱ የፎርት ላራሚ ውል ብላክ ሂልስ የሚባለውን ተራራማ ምድር ለላኮታና «ሱ» (Sioux) ተብለው ለሚጠሩ ሌሎች ነባር ሕዝቦች አጽንቶ ነበር። ወርቅ ተገኘ፤ በ1877 የአሜሪካ መንግሥት ነጠቃቸው። በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤት 17.1 ሚሊዮን ዶላር ከነወለዱ፣ በድምሩ ከ100 ሚሊዮን በላይ፣ እንዲከፈላቸው ፈረደ። አልተቀበሉም፤ ገንዘቡን መውሰድ መሬቱን እንደ መሸጥ ነውና። ወለድ እየወለደ ከ1 ቢሊዮን አልፏል።

«መሬቱ ይመለስ» ማለት ሰውን ከቤቱ ማስወጣት ነው የሚሉም አሉ። ሴናተር ቢል ብራድሌይ በ1985 ያቀረቡት ረቂቅ ሕግ የፌዴራል መንግሥቱን ይዞታ ብቻ የሚመልስ ነበር፤ የግል መሬት አይነካም። እሱም አልጸደቀም።

«ቋንቋ ትርፍ ጉዳይ ነው»

ማኦሪዎች በ1982 «ኮሃንጋ ሬኦ»፣ የቋንቋ ጎጆ፣ የሚሏቸውን የሕፃናት መዋያዎች ከፈቱ። አረጋውያን ልጆቹን የሚያናግሩት በማኦሪ ብቻ ነው። ቋንቋውን ይፋዊ ያደረገው ሕግ የወጣው ከ5 ዓመት በኋላ ነው።

«ኢትዮጵያ ቅኝ ስላልተገዛች አይመለከታትም»

በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ የዛሬዋን ናሚቢያ አላግባብ ትገዛለች ብለው በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ1966 ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ «ከሳሾቹ መብት የላቸውም» ተብሎ ክሱ ወደቀ። በዚያው ዓመት ግን ጠቅላላ ጉባኤው ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ ላይ የነበራትን ሞግዚትነት ሻረ። ናሚቢያ በ1990 ነፃ ወጣች፤ ትልቁ ወደቧ ዋልቪስ ቤይ የተመለሰላት በ1994 ነው።