የባደስሊ ክሊንተን ቄሶች ግድግዳ ውስጥ አልሞቱም

በእንግሊዝ ዋሪክሻየር ያለው፣ ዙሪያውን በውኃ የተከበበው የባደስሊ ክሊንተን የባላባት ቤት በተነሣ ቁጥር ያው ወሬ ይደገማል፦ «ካቶሊክ ቄሶች በተሸሸጉበት ታፍነው አለቁ፤ ሌሊት ኮቴው የሚሰማው የእነሱ መንፈስ ነው።» ሐሰት ነው። (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በኦክቶበር 1591 ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ካቶሊክ ቄሶችን የሚያሳድዱ የመንግሥት አሳሾች ሰይፍ መዝዘው በሩን ደበደቡ። ውስጥ ቄሱ ሮበርት ሳውዝዌል ቅዳሴ ሊጀምር ነበር። አገልጋዮቹ በሩ ላይ ሲያዘገዩአቸው ልብሰ ተክህኖው ተሰበሰበ፤ ባለቤት የማይገኝለት ጫማና ሰይፍም ተደበቀ። አልጋው ገና ይሞቅ ስለነበር ፍራሹን ገልብጠው ቀዝቃዛውን ፊት ወደ ላይ አደረጉት፤ የሚዳስስ እጅ ሰው እንዳደረበት እንዳያውቅ ነው። ከዚያ አምስት ጀስዊቶች (የካቶሊክ ማኅበር ቄሶች)፣ ሁለት ሌሎች ቄሶችና ጥቂት ምእመናን በቤቱ ሥር ወዳለው አሮጌ የፍሳሽ ቦይ ወርደው እግራቸው ውኃ ውስጥ እንዳለ አራት ሰዓት ያህል ቆሙ። አሳሾቹ ሲሄዱ ሁሉም በሕይወት ወጡ።

«ቄሶቹ ግድግዳው ውስጥ ሆነው ያንኳኩ ነበር» የሚለው ወሬ ደግሞ የመሸሸጊያን ሥራ አለማወቅ ነው። አሳሽ ክፍሉን ከውስጥ፣ ግንቡን ከውጭ ይለካል፤ ልኩ ካልገጠመ ያፈርሳል። ሳንቃውን እያንኳኳ ባዶ ድምፅ ይፈልጋል። ዝም ብሎም ያደምጣል፤ አንዲት ሳል ቤተሰቡን ሁሉ ለሞት ትዳርጋለች፤ ከ1585 ሕግ ወዲህ ቄስ ማስጠለል በሞት ያስቀጣ ነበርና። እውነተኛው አደጋ ረኀብ ነው፦ በ1606 ሂንድሊፕ በተባለ ሌላ የባላባት ቤት ፍተሻው ለቀናት ሲዘልቅ፣ መሸሸጊያ በመሥራት የታወቀው ኒኮላስ ኦወን ርቦት ወጥቶ ተያዘ።

ሌሊት የሚሰማው ድምፅ? አሮጌ የኦክ እንጨት ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ይንቋቋል።

ወለሉ ላይ «የሰማዕት ደም» የሚባለው እድፍ? ታሪኩ የሚያያዘው የቤቱ ጌታ የነበረው ኒኮላስ ብሮም በ1485 ገደማ ከሚስቱ ጋር ሲዳራ አገኘሁት ብሎ ከገደለው የደብር ቄስ ጋር ነው። ያኔ እንግሊዝ በሙሉ ካቶሊክ ነበረች፤ በካቶሊኮች ላይ የደረሰው ስደት ገና አልመጣም።



ከቦዩ ቄሶች ሰማዕት የሆኑት በስውር ሳይሆን በአደባባይ ተገደሉ፦ ሳውዝዌል በ1595 ታይበርን በተባለው የለንደን መስቀያ ቦታ፣ አብሮት ቦዩ ውስጥ የቆመው ሄንሪ ጋርኔት በ1606 ለንደን፣ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ቅጽር ውስጥ። ያን ንጋት በጽሑፍ ያቆየልን ጆን ጄራርድ ደግሞ በ1597 ከለንደን ግንብ እስር ቤት በገመድ አምልጦ በ1637 ሮም ውስጥ አረፈ።