የተቋም አርክቴክቸር በዩኒቨርሲቲ የአይሲቲ ክፍል

የተቋም አርክቴክቸር፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር፣ የአንድ ድርጅት ሥራ፣ መረጃ፣ ሶፍትዌርና መሠረተ ልማት ዛሬ እንዴት እንደተያያዙ መዝግቦ፣ ነገ እንዴት ሊያያዙ እንደሚገባ ወስኖ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ሥራ በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥ ሙያ ነው። በዩኒቨርሲቲ ይህ ኃላፊነት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለአይሲቲ ክፍል ነው፤ ጉዳዩ ግን ከሬጅስትራር እስከ ተማሪዎች ካፌ ያለውን ሁሉ ይነካል። የብዙው አለመግባባት መነሻም ይኸው ነው።

የሙያው ጅማሬ የሚያያዘው የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ጆን ዛክማን እ.ኤ.አ. በ1987 ካሳተመው ጽሑፍ ጋር ነው። ዛክማን የመረጃ ሥርዓት እንደ ሕንፃ ሁሉ በባለቤቱ፣ በነዳፊውና በገንቢው ዓይን ለየብቻ ሊገለጽ እንደሚገባው አሳየ። በ1995 ዛሬ ኦፕን ግሩፕ የሚባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴርን ቀደምት ሥራ መሠረት አድርጎ ቶጋፍ የተሰኘውን የአሠራር ማዕቀፍ አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት የጸደቀው የክሊንገር ኮኸን ሕግም የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ አርክቴክቸር እንዲኖራቸው አስገደደ። ዩኒቨርሲቲዎች በስፋት የገቡበት ከዚህ ዘግይተው ነው። በብሪታንያ ጂስክ የተባለው የከፍተኛ ትምህርት የቴክኖሎጂ ተቋም በ2008 ገደማ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ሙያውን በተግባር እንዲሞክሩት አድርጓል። በዚያው ድጋፍ በቦልተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው አርኪ የተባለ ነፃ የንድፍ መሣሪያ ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ ውጪ ባሉ ድርጅቶችም ይሠራበታል፤ ስሙ በእኛ ቋንቋ የሚሰጠው ትርጉም ግን አጋጣሚ ነው። የአውስትራሊያ፣ የብሪታንያ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ አይሲቲ ማኅበራት ደግሞ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ዋና ዋና ተግባራት ምን ምን እንደሆኑ የሚዘረዝር የጋራ ሞዴል ስላዘጋጁ፣ ዛሬ የሚጀምር ክፍል ከባዶ ወረቀት መነሳት አይጠበቅበትም።

ባንክ ውስጥ የዚህ ሙያ ባለሙያ፣ ማለትም አርክቴክቱ፣ ያቀረበውን ሐሳብ ሥራ አስኪያጁ ከተቀበለው ሥራው ይቀጥላል። ዩኒቨርሲቲ ግን እንዲህ አይታዘዝም። ሥልጣኑ በሴኔቱ፣ በዲኖቹና በትምህርት ክፍሎቹ መካከል የተከፋፈለ ነው፤ ተመራማሪው በራሱ የምርምር ገንዘብ ሰርቨር ይገዛል፣ ኮሌጁ የራሱን የውጤት መመዝገቢያ ያሠራል፣ የጤና ሳይንስ ግቢ ደግሞ ሆስፒታል ጭምር ያስተዳድራል። ስለዚህ አርክቴክቱ የሚሠራው አዝዞ ሳይሆን አሳምኖ ነው፤ ለማሳመንም ከሥዕል ይልቅ ማስረጃ ይጠቅመዋል።

ማስረጃው ምን እንደሚመስል በአንድ ተማሪ ስም ማየት ይቻላል። ሬጅስትራር «ጸጋዬ» ብሎ የመዘገበውን ተማሪ ቤተ መጻሕፍቱ «ፀጋዬ» ብሎ ይመዘግበዋል። ለአንባቢ ልዩነት የለውም፤ ለኮምፒውተር ግን ጸ እና ፀ የተለያየ ኮድ ያላቸው ሁለት ፊደላት ስለሆኑ፣ በስም ብቻ የሚያመሳስል ሲስተም አንዱን ልጅ ሁለት ሰው ያደርገዋል። የዶርም ድልድሉ በእንግሊዝኛ ፊደል በኤክሴል ከተያዘ ሦስተኛ ሰው ይወለዳል። ተማሪው ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሲሞላ ሬጅስትራር መዝገቡን ቢዘጋውም የካፌ ካርዱ ይሠራል፣ የኢሜይል አድራሻውም ክፍት ይቆያል፤ የተመለሰ መጽሐፍ ሳይመዘገብለት ቀርቶ ክሊራንስ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት ተመራቂም የዚሁ ችግር ሌላው መልክ ነው። የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ አለ፦ አንዱ ሲስተም የመግቢያ ዓመቱን በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓውያን ሲይዝ፣ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ስለሆነ አንድ ቁጥር ደምሮ ማረም አይቻልም። መፍትሔው ሶፍትዌር ከመግዛት በፊት የሚመጣ ውሳኔ ነው፦ የተማሪ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ማን ነው፣ ስሙን የማረም ሥልጣን የየትኛው ቢሮ ነው፣ ሌሎቹስ ቅጂውን በምን መንገድ ያገኛሉ?

በዚህ ምክንያት የተቋም አርክቴክቸር ፕሮግራሙን በሲስተሞች ዝርዝር መጀመር የተለመደ ነው። ለእያንዳንዱ ሲስተም የሥራው ባለቤት፣ የሚይዘው መረጃ፣ ከማን ጋር እንደሚገናኝ፣ የውል ማብቂያው ቀንና ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ይመዘገባል። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ ከተቋሙ የለቀቀ ባለሙያ ሆኖ ይገኛል። ግንኙነቶቹ ሲቆጠሩም ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል፤ 10 ሲስተሞች ሁሉም ከሁሉም ጋር በቀጥታ ቢያያዙ 45 መስመሮች ያስፈልጋሉ፣ ሁሉም በአንድ ማዕከላዊ የመረጃ መለዋወጫ በኩል ቢያልፉ ግን 10 ይበቃሉ። ማዕከሉ ሲቆም ሁሉም አብሮ ስለሚቆም፣ ቁጠባው ያለ መጠባበቂያ ሰርቨርና ያለ ክትትል አደገኛ ነው።

ዝርዝሩ ዋጋ የሚያገኘው ከግዥ ሂደቱ ጋር ሲታሰር ነው። ጨረታ ከመውጣቱ በፊት የአርክቴክቸር ኮሚቴው ተመሳሳይ ሲስተም በግቢው መኖር አለመኖሩን፣ አዲሱ ለሁሉም ሲስተሞች በሚያገለግል አንድ የይለፍ ቃል የሚገባበት መሆኑን፣ ውሉ ሲያልቅም መረጃው በምን መልክ እንደሚመለስ ይጠይቃል። ኮሚቴው ከአይሲቲ ሰዎች ብቻ ከተዋቀረ «የአይሲቲ እንቅፋት» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ሬጅስትራሩ፣ ፋይናንሱና ቢያንስ አንድ ዲን ሲቀመጡበት ውሳኔው የተቋሙ ይሆናል። መልስ ለመስጠት ወራት የሚፈጅ ኮሚቴም እንደሌለ ይቆጠራል፤ ክፍሎቹ ዞረውት ያልፋሉ። ባለሙያዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ሁሉንም ነገር ለመሣል የሚነሳ ፕሮግራም ሥዕሉ ሳያልቅ ተቋሙ ይለወጥበታል፤ በእኔ ግምት ብዙዎቹ የሚከስሙት በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በዚህ ነው።

በጣም የሚረሳው የአሮጌ ሲስተም አወጋገድ ነው። አዲሱ የተማሪዎች መረጃ ሲስተም ሥራ ሲጀምር ወደ እሱ የሚተላለፈው ብዙ ጊዜ በትምህርት ላይ ያለው ተማሪ መረጃ ብቻ ሲሆን፣ የቀድሞዎቹ ተመራቂዎች ውጤት በአሮጌው ዳታቤዝ ይቀራል። ሬጅስትራር መስኮት ላይ ግን ከ20 ዓመት በፊት የተመረቀ ሰው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ወደ ውጭ አገር እንዲላክለት ሊጠይቅ ይመጣል። ስለዚህ የመዝጊያ ዕቅዱ ውጤቶቹ ያለ አሮጌው ሶፍትዌር በሚነበቡበት ቅርጽ እንዲወጡ፣ ከወረቀት ማኅደሩ ጋር በናሙና እንዲመሳከሩና ሬጅስትራር በፊርማ እንዲረከባቸው ያዛል፤ ሰርቨሩ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።