ክትትልና ቁጥጥር ምንድን ነው? ፓርላማው ንግድ ሚኒስቴርን ሲጠይቅ

ደሴ ላይ ሸቀጥ የሚነግዱ አንድ ጎረቤት አሉኝ። ሰፈሩ በሙሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። ሱቃቸው ውስጥ ከዘይት ጀሪካኖቹ በላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ሰቅለዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቦሉን ጨርሰን ቶናው ላይ ስንደርስ ዜና ጀመረ። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የዘጠኝ ወር ሪፖርቱን ለፓርላማው ቋሚ ኮሚቴ አቀረበ፣ ሕግ በተላለፉ ብዙ ሺህ የንግድ ድርጅቶች ላይ እርምጃ ተወሰደ፣ ኮሚቴው በጥንካሬ የታዩትን አድንቆ ክፍተቶቹ እንዲታረሙ አሳሰበ፣ አለ። ሐጂ ፍንጃሉን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ክትትልና ቁጥጥር የሚሉት ነገር ግን ምንድን ነው? እኛን ነው የሚቆጣጠሩት ወይስ እነሱን?»

ጥያቄው ልክ ነበር። ነጋዴ ጆሮ ላይ «ቁጥጥር» ማለት ደብተር ይዞ በር ላይ የሚቆም ሰው ነው። ዋጋ ለጥፈሃል ወይ፣ ደረሰኝ ትቆርጣለህ ወይ፣ ፈቃድህን አድሰሃል ወይ የሚል። ፓርላማው ቁጥጥር ሲል ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚጠየቀው ያን ተቆጣጣሪ የላከው መንግሥት ራሱ ነው። ክትትልና ቁጥጥር ማለት ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ሥራ አስፈጻሚውን «ምን አደርጋለሁ አልክ? ምን አደረግክ? በስንት ብር? ለምን ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅበት አሠራር ነው። በቃ ይሄው ነው። የሚከብደው አፈጻጸሙ ነው።

ሥልጣኑ ከሕገ መንግሥቱ የመጣ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ መጥራት፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር መመርመር እንደሚችል ይናገራል። ቀጥሎ ያለው ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ጠንከር ይላል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ፣ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማንኛውም ሥልጣን ላይ ምክር ቤቱ ተወያይቶ አስፈላጊ ነው ያለውን እርምጃ መውሰድ ይችላል። አንቀጽ 12 ላይ ደግሞ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሆናል ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ሚኒስትር ፓርላማ ቀርቦ የሚመልሰው ግዴታው ስለሆነ ነው።

ለሐጂ ያስረዳኋቸው ግን በአንቀጽ አይደለም፣ በቅሬ ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ቅሬ ውስጥ ያደገ ሰው ቁጥጥር ምን እንደሆነ ያውቀዋል፣ ስሙን ብቻ ነው የማያውቀው። ገንዘብ ያዡ ተነስቶ «ድንኳኑ ተጠግኗል» ይላል። አንዱ «የቱ? ትልቁ ነው ትንሹ? በስንት ተጠገነ?» ይለዋል። ይሄ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ይሄን ሁሉም ይጠይቃል። ቁም ነገሩ ያለው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። አንድ ያልረሱ አዛውንት ተነስተው «ባለፈው ተጠገነ ያልከውን ድንኳን እስቲ አውጣውና እንየው» ይላሉ። ቁጥጥር ማለት ይሄ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። እሱ ከሌለ የመጀመሪያው ጥያቄ ወግ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ሚኒስቴሩ። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር በዚህ ስሙ የተቋቋመው በ2014 ዓ.ም. በወጣው የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ፣ በቁጥር 1263 ነው። ከዚያ በፊት ንግድና ኢንዱስትሪ አንድ ላይ ነበሩ። የውጭና የአገር ውስጥ ንግድ፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ፣ የገበያ ቁጥጥር፣ የነዳጅ ዋጋ ማስተካከያ፣ ኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የምትደራደርበት የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት፣ የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠና፣ ሁሉም ወደዚህ ቤት ይመጣል። ኑሮ ተወደደ ስንል መጀመሪያ ወደዚህ ነው የምናየው።

ፓርላማ ውስጥ ይሄን መሥሪያ ቤት የሚከታተለው የንግድና ቱሪዝም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው። ዓመቱ ሲጀምር ሚኒስቴሩ እቅዱን ያቀርባል፣ ኮሚቴው ያየዋል። ግማሽ ዓመት ላይ ሪፖርት፣ ዘጠኝ ወር ላይ ሪፖርት። በመሃል ቼክሊስት ተዘጋጅቶ የመስክ ምልከታ ይወጣል፣ ከዚያ ግብረ መልስ ይሰጣል። በቴሌቪዥን የምናየው የመጨረሻውን አምስት ደቂቃ ነው።

የመስክ ምልከታው ላይ አንድ የማምነውን ልናገር። እንግዳ መጣ ሲባል ቢሮ ይጸዳል፣ ሪፖርት በስላይድ ይቀርባል፣ ምሳ ይበላል። ይሄ ሁሉ ሆኖ ገበያው ላይ ምን እንዳለ ላይታወቅ ይችላል። ኮሚቴው ግን አንድ ሰኞ ባቲ ቢውል፣ ከአፋር በኩል ግመልና ፍየል ይዞ የወጣው አርብቶ አደርና ከደጋው እህል ይዞ የወረደው ገበሬ በሚገናኙበት በዚያ ትልቅ ገበያ ጠዋት ገብቶ ደላላው እንዴት እንደሚሠራ፣ ከብቱ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሻጩ ምን ይዞ እንደሚመለስ ቢያይ፣ ስለ ቁም እንስሳት ሕገ ወጥ ንግድ አዳራሽ ውስጥ የሚነበበውን ሪፖርት በሌላ ዓይን ይሰማው ነበር። ሚኒስቴሩን ለማሳጣት ብዬ አይደለም። ጠያቂው ራሱ ካላየ ሁለተኛውን ጥያቄ ከየት ያመጣዋል?

«እርምጃ ተወሰደ» ወደሚለው ቁጥር እንመለስ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሐጂ ራሳቸው ከዚያ ቁጥር ውስጥ አሉበት። ከጥቂት ጊዜ በፊት ዋጋ የለጠፉበት ካርቶን ወድቆ ሳያዩት ተቆጣጣሪዎች መጡ። ሱቁ ታሸገ። ዘጠኝ ቀን ተዘግቶ ከረመ። ሐጂ ጥፋቱን አልካዱም፣ ካርቶኑ ወድቋል። ግን ማንም «ዘይቱን በስንት ገዛህ፣ በስንት ትሸጣለህ፣ አከፋፋዩ ደረሰኝ ሰጥቶሃል ወይ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። ሊጠየቅ የሚገባው ያ ነበር። አከፋፋዩ ደረሰኝ አልሰጠም። የዘይቱ ዋጋ የጨመረው እዚያ ጋ ነው።

እንግዲህ ያ የታሸገ ሱቅ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ፌዴራል በሪፖርት ተደምሮ ሲሄድ «አንድ እርምጃ» ሆኖ ይቆጠራል። የቃል ማስጠንቀቂያም እርምጃ ነው፣ የጽሑፍም እንደዚያው፣ ማሸግም፣ ፈቃድ ማገድና መሰረዝም፣ ክስም። ሁሉም በአንድ ድምር ሲነበብ ብዙ ሺህ ይሆናል፣ አዳራሹም ሥራ የተሠራ ይመስለዋል። ጎበዝ የምክር ቤት አባል እዚህ ጋ ያቆመዋል። ከእነዚህ ስንቱ ማስጠንቀቂያ ነው? ስንቱ ቸርቻሪ፣ ስንቱ አከፋፋይና አስመጪ ነው? ሱቆቹ በታሸጉበት ወር የዘይት ዋጋ ወረደ ወይስ ወጣ? የመጨረሻዋን ጥያቄ በተለይ እወዳታለሁ። ሕዝቡ የሚፈልገው ዘይት ነው እንጂ የታሸገ በር አይደለም።

ሌላው መንገድ ኦዲት ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር የሚሾመው በምክር ቤቱ ነው፣ ሪፖርቱንም የሚያቀርበው ለምክር ቤቱ ነው፣ አንቀጽ 101። ወ/ሮ መሠረት ዳምጤ የሚመሩት ይህ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ኦዲት ብቻ ሳይሆን የክዋኔ ኦዲትም ይሠራል። ማለትም ብሩ ጎደለ ወይ ብቻ አይልም፣ ሥራው የታሰበለትን ውጤት አመጣ ወይ ብሎም ይመረምራል። ግኝቱን ይዞ መሥሪያ ቤቶችን የሚጠይቅ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የሚባል አለ። ከዚህ ኮሚቴ ፊት መቅረብ ቀላል አይደለም። ኮሚቴው የሚጠይቀው ሰነድ ይዞ ነውና።

ሐጂ በዚህ መሃል አንድ ነገር አነሱ። «ጠያቂውም ተጠያቂውም የአንድ ፓርቲ ሰው ከሆኑ ማን ማንን ያፋጥጣል?»

ይሄን ማለፍ አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ የተቋቋመው ምክር ቤት አብዛኛው ወንበር በገዢው ፓርቲ የተያዘ ነው። የራስን ፓርቲ ሚኒስትር ሕዝብ ፊት ማፋጠጥ ከባድ ነው፣ ሰው ነን። ሕጉ ግን ለዚህ መልስ አለው። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዢ የሚሆነው ለሦስት ነገር ነው ይላል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው። ፓርቲው ከዝርዝሩ የለም። መራጩ እምነት ካጣበት ሊያነሳው እንደሚችልም እዚያው አንቀጽ ላይ ተጽፏል።

እንዲህ ያለ ነገር በተግባር ይታያል ወይ ለሚል፣ ከብሪታኒያ አንድ እውነተኛ ነገር ላምጣ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ እያንዳንዱን ሚኒስቴር የሚከታተል የምክር ቤት ኮሚቴ አለ። የቢዝነስና ንግድ ሚኒስቴሩንም እንደዚሁ። የአገሪቱ ፖስታ ቤት የመንግሥት ንብረት ነው፣ ተጠሪነቱም ለዚሁ ሚኒስቴር ነው። ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ የሠራው «ሆራይዘን» የሚባል የሂሳብ ሶፍትዌር ስህተት እየሠራ ገንዘብ ጎደለ ሲል፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ የሰፈር ፖስታ ቤት ኃላፊዎች በሌብነትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው። ያልበሉትን ዕዳ የከፈሉ አሉ፣ የታሰሩ አሉ። እውነቱ ከታወቀ በኋላም ካሳው ዓመታት ፈጀ።

በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ኮሚቴው የፉጂትሱን የአውሮፓ ኃላፊ ጠርቶ ሲጠይቀው፣ ሰውየው ኩባንያው ለካሳው የማዋጣት የሞራል ግዴታ አለበት ብሎ በአደባባይ አመነ። ኮሚቴው በመጋቢት ለካሳ አከፋፈሉ አስገዳጅ የጊዜ ገደብ ይበጅለት አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሊያም በርን ያን ጊዜ የተቃዋሚው የሌበር ፓርቲ ሰው ነበሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ምርጫ ተካሄደና ፓርቲያቸው ሥልጣን ያዘ። በርን እንደገና ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ። አሁን የሚጠይቁት የራሳቸውን ፓርቲ ሚኒስትር ነው። በጥር 2025 ኮሚቴው ሌላ ሪፖርት አወጣ፣ ካሳው አሁንም ዘግይቷል፣ የጊዜ ገደብ ይኑር፣ ለሚዘገይም ቅጣት ይኑር የሚል። ሁለተኛው ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። መንግሥት ተቀየረ፣ ጥያቄው ግን አልተቀየረም።

ኮሚቴ ማሰር አይችልም። ሚኒስትር አይሽርም፣ ብር አይከፍልም፣ እኛም ጋ ሚኒስትሩን የሚያነሳው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ምክር ቤቱ ያለው ዋና ጉልበት በአደባባይ መጠየቅ፣ መልሱን መመዝገብና ተመልሶ መጠየቅ ነው። በጀት የሚያጸድቀውም እሱ ነው፣ ይሄን መርሳት የለብንም።

አንድ የምናምታታው ነገር ደግሞ አለ። ሁሉም የንግድ ጉዳይ አዲስ አበባ አይሄድም። የሐጂን ሱቅ ያሸገው የከተማው ጽሕፈት ቤት ተጠሪነቱ ለከተማው አስተዳደር ነው፣ የሚጠይቀውም የከተማው ምክር ቤት። የክልሉ ንግድና ገበያ ልማት ቢሮ የሚጠየቀው ባሕር ዳር ባለው የክልል ምክር ቤት ነው። የነዳጅ ዋጋ፣ የአስመጪ ፈቃድ፣ የውጭ ንግድ ደግሞ የፌዴራሉ ነው። ስለዚህ «ለምን ታሸግኩ» የከተማ ጥያቄ ነው። «ደረሰኝ የማይሰጠው ትልቁ አከፋፋይ ለምን ሳይነካ ቀረ» ግን እስከ ላይ የሚሄድ ጥያቄ ነው። ሰው ጥያቄውን የተሳሳተ በር ላይ ይዞ እየሄደ «አይመለከተንም» ሲባል ተስፋ ይቆርጣል። እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ከአማራ ክልል 138 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ይመረጣሉ። የደሴም፣ የወልድያም፣ የኮምቦልቻም፣ የከሚሴም ሰው በስሙ የተቀመጠ ተወካይ አለው። ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፣ ተወካዮቹ በእረፍታቸው መራጩን ያነጋግራሉ። የመራጭ ተመራጭ መድረክ ይባላል። እዚያ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የምንናገረው «ኑሮ ተወደደ» ነው። እውነት ነው፣ ተወዷል። ተወካዩ ግን ይሄን ይዞ ሄዶ ሚኒስትሩን ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ «እየሠራን ነው» ነው። ቀን፣ ዋጋ፣ የዕቃ ዓይነትና የጎደለ ደረሰኝ ይዞ ከሄደ ግን የሚመለስለት ሌላ ነው።

ይሄን ስል ሐጂ ዝም ብለው ሰሙኝ። በረካው ተቀዳ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር የብስኩት ካርቶን ቀደው እስክሪብቶ አቀበሉኝ። «በል ጻፍልኝ» አሉ። ዘይቱን የገዙበትን ቀን ነገሩኝ፣ የአንዱን ጀሪካን ዋጋ፣ ስንት ጀሪካን እንደሆነ፣ ደረሰኝ ጠይቀው የተመለሰላቸውን ቃል በቃል። ጽፌ ጨረስኩና አነበብኩላቸው።

«አንድ ቀርቷል» አሉኝ። «ከታች፣ ባለፈው ዓመት ለዚሁ ጥያቄ ምን ብለው እንደመለሱልን ጻፍበት።»