የሕዝቅያስ ሁለት ደብዳቤዎች

ወንድሞችና እኅቶች፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ። ስለ ውዳሴ ከንቱ ለመነጋገር ከይሁዳው ንጉሥ ከሕዝቅያስ የተሻለ ሰው አላገኘሁም። የመረጥኩትም ደግ ንጉሥ ስለ ነበረ ነው። የኮረብታ መስገጃዎችን ያፈረሰ፣ ተዘግቶ የነበረውን የቤተ መቅደስ ደጅ የከፈተ፣ በእግዚአብሔር የታመነ ሰው ነበር። ውዳሴ ከንቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚከታተለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ ጾመኛውን፣ መጽዋቹን፣ ጸሎተኛውን።

ለሕዝቅያስ ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰውታል። የመጀመሪያው ከአሦር ንጉሥ ከሰናክሬም የመጣ ዛቻ ነው። የይሁዳ የተመሸጉ ከተሞች ተይዘዋል። 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ተጠይቆ፣ የመቅደሱን ደጆች ወርቅ ሳይቀር ልጦ ገብሮ ነበር፤ ጠላት ግን አልተመለሰም። ሕዝቅያስ ደብዳቤውን ተቀብሎ አነበበውና ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጣ፤ በእግዚአብሔርም ፊት ዘረጋው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ቃል ከማሳመሩ በፊት የተጻፈውን እንዳለ አቀረበ፤ «ጌታ ሆይ፣ ያሉኝን እየው» እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤ በሚቀጥለው ምዕራፍ፣ በ2ኛ ነገሥት 20 ላይ ይመጣል። የባቢሎን ንጉሥ መሮዳክ ባልዳን የሕዝቅያስን መታመም ሰምቶ ደብዳቤና እጅ መንሻ ላከለት። ይህ የወዳጅ ጥየቃ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር የለበትም። ይህን ደብዳቤ ግን በእግዚአብሔር ፊት እንደ ዘረጋው አልተጻፈም። ይልቁንም ግምጃ ቤቱን ከፈተ። ብሩን፣ ወርቁን፣ ቅመሙን፣ የከበረውን ዘይት፣ የጦር መሣሪያውን ቤት ሁሉ ለእንግዶቹ አሳያቸው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚያ ሰዎች ለምን መጡ? 2ኛ ዜና መዋዕል 32፥31 በምድሪቱ ስለ ተደረገው ተአምር ሊጠይቁ እንደ መጡ ይነግረናል። ባቢሎናውያን ሰማይን በመመልከት የታወቁ ናቸው፤ ሕዝቅያስ ከሕመሙ እንደሚድን ምልክት ሆኖ የፀሐይ ጥላ በአካዝ ደረጃ ላይ አሥር ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሰ መባሉ ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ተራ ወሬ አይደለም። አሕዛብ በገዛ እግራቸው የእግዚአብሔርን ሥራ ሊጠይቁ ደጁ ላይ ቆመዋል! ሊነግራቸው የሚገባው ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ስላፈሰሰው እንባ፣ ስለ ተጨመረለትም 15 ዓመት ነበር። ቁስሉን ያሻረው ከዚያ ግምጃ ቤት የወጣ ዘይት አይደለም፤ በኢሳይያስ ቃል የተደረገለት የበለስ ጥፍጥፍ ነው። ወርቁን አዩ፤ የበለሱን ጥፍጥፍ ማን አሳያቸው?

ነቢዩ ኢሳይያስ መጥቶ ጠየቀው፤ እነዚህ ሰዎች ምን አሉ? ከወዴትስ መጡልህ? ሕዝቅያስ የመለሰው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ ከሩቅ አገር፣ ከባቢሎን መጡ አለ። ምን እንዳሉ አልተናገረም። ሩቅ አገር ድረስ መታወቁ ከጥያቄያቸው ይልቅ በልቡ ቀርቶ ይሆን? ኢሳይያስ በቤትህ ያዩት ምንድን ነው ብሎ ሲደግምለት ደግሞ ያላሳየኋቸው የለም ሲል መለሰ። በአንደበቱ ላይ የቀረው «ቤቴ» እና «ግምጃ ቤቴ» ነበር። ነቢዩም ሁሉ ወደ ባቢሎን እንደሚወሰድ ነገረው፤ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ናቡከደነፆር ያን መዝገብ አወጣው።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖሩ አባቶች ውዳሴ ከንቱንና ትዕቢትን ለይተው ያዩ ነበር፤ እኔም መለየቱ ይጠቅመናል እላለሁ። ትዕቢተኛ ሰውን ይንቃል፤ ውዳሴ ከንቱ የያዘው ግን የሰውን ዓይን ይለምናል። መጽሐፈ መክብብ ከንቱ የሚለው የዚህ ዓለም አላፊነት ደግሞ ሌላ ነው። ሦስቱን አደባልቀን ስንሰብክ ያማረ የለበሰ ሁሉ ትዕቢተኛ፣ የተቀደደ የለበሰ ሁሉ ትሑት ይመስለናል። በተቀደደ ልብስም ውዳሴ ይፈለጋል፤ ጌታ ፊታቸውን ስለሚያጠወልጉ ጾመኞች የተናገረው ለዚህ ነው።

በእኛ ዘመን ግምጃ ቤቱ በኪሳችን ባለው ስልክ ላይ ነው። በበዓል ዋዜማ ለአንዲት አረጋዊት እናት ዱቄትና ዘይት ይወሰዳል። ዕቃው እጃቸው ላይ ከመድረሱ በፊት «እማማ፣ ወደዚህ ይመልከቱ» ይባላሉ። እናቲቱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዘይቱን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ወዴት እንደሚያዩ ግራ ገብቷቸው ይቆማሉ። ማታ ፊታቸው በቴሌግራም ለሺህ ሰው ይታያል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ተቀባይዋ ለዱቄቱ ዋጋ ከፍለዋልና። ምስክርነትም እንዲሁ ነው። ከሕመም የተነሣ ወንድም «እግዚአብሔር ማረኝ» ብሎ ይጀምርና ጥቂት ቆይቶ «እኔ ድሮም ጸሎት አላቋርጥም» ላይ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት የባቢሎን ሰዎች ወደ ግምጃ ቤቱ ገብተዋል።

«ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ ተብሎ የለምን?» የሚል ይኖራል። ተብሏል። ነገር ግን የቃሉ ፍጻሜ ሰዎች በሰማያት ያለውን አባታችሁን እንዲያከብሩ የሚል ነው። ለልጆች ትምህርት ቤት ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር ሂሳቡን በግልጽ ማሳየት አለበት፤ ይህ ታማኝነት ነው። የግለሰብ ምጽዋት ግን ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ በተባለው ሥር ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ማታ ስንጸልይ የዛቻውን ደብዳቤ ብቻ አንዘርጋ። የቤት ኪራይን፣ ሕመምን፣ የልጅን ነገር ማቅረብ ማንም አይረሳም። የተመሰገንበትንም በግልጽ እናቅርብ፤ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ድምፅህ ያምራል አሉኝ፤ ደስም አለኝ፤ ድምፁን የሰጠኸኝ አንተ ነህ፤ ደስታዬን አንተ ጠብቀው»። ደስ አላለኝም ብሎ መዋሸት አያስፈልግም፤ ልብን የሚያውቅ እርሱ ነው።

ግምጃ ቤቱን አስቀድሞ የከፈተ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ዜና መዋዕል ሕዝቅያስ ስለ ልቡ ኩራት ራሱን እንዳዋረደ፣ የኢየሩሳሌምም ሰዎች ከእርሱ ጋር እንደ ተዋረዱ፣ ቁጣውም በዘመኑ እንዳልመጣ ጽፏል። የተለጠፈውን ፎቶግራፍ ዛሬ ማንሳት ይቻላል። ወደ እናቲቱ ቤት ሄዶ ይቅርታ መጠየቅም ይቻላል።