በ41 ዓመታቸው ያረፉ ታዋቂ ሰዎች

ኢትዮጵያዊው የማራቶን ጀግና ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኮቢ ብራያንት፣ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግና የአገሩ ልጅ የሆነችው ልቦለድ ጸሐፊ ጄን ኦስተን በሙያም በዘመንም የተራራቁ ሲሆኑ፣ አራቱም 41 ዓመት ሞልቷቸው 42ኛውን ሳይደፍኑ አርፈዋል። ዕድሜያቸው እኩል ይሁን እንጂ ሞት የደረሰባቸው ሥራቸው በተለያየ ደረጃ ላይ ሳለ ነው።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ጃቶ በተባለ መንደር ተወለደ። የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኖ በስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ሥር ከሠለጠነ በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከሞሮኮው ራዲ ተነጥሎ የወጣው ፋሽስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን ዘርፋ በወሰደችው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲሆን፣ ለአገሩ ሰው ከሰዓቱ ይልቅ ይህ ቦታ የበለጠ ትርጉም አለው። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ ቶኪዮ ላይ በ2:12:11 ድሉን ደገመ፤ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹን ሽባ ቢያደርጋቸውም ከውድድር አልለየውም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል በሕክምና ከቆየ በኋላ እዚያው በአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ወርውሯል፤ በኖርዌይም ውሾች በሚስቡት የበረዶ ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸንፏል። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ደም መፍሰስ ሲያርፍ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ፤ የተቀበረውም አዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ኮቢ ብራያንትም እንደ አበበ ታላላቅ ድሎቹን ጨርሶ ነበር። 20 የውድድር ዘመናትን በሎስ አንጀለስ ሌከርስ አሳልፎ አምስት ሻምፒዮናዎችን ካገኘ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2020 ከ13 ዓመት ልጁ ጂያና ጋር በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ።

አለን ቱሪንግ ግን የሞተው አዲስ ምርምር ጀምሮ ሳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመው ጥናት ለዛሬው የኮምፒዩተር ሳይንስ መሠረት የጣለ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የእንግሊዝ ምሥጢር ፈቺዎች ማዕከል በነበረው ብሌችሊ ፓርክ ሆኖ የጀርመንን የኢኒግማ ምሥጢራዊ ጽሑፍ ለመፍታት ከፍተኛ ድርሻ አበርክቷል። እሱም ጎበዝ ሯጭ ነበር፤ በ1947 ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ጨርሷል። በ1952 ከወንድ ጋር በነበረው ግንኙነት ተከሶ ከተፈረደበት በኋላ እስር ቤት ከመግባት የወሲብ ፍላጎትን የሚያዳክም የሆርሞን መድኃኒት መውሰድን መረጠ። አገሩን እንዲህ ባገለገለ ሰው ላይ ይህ መድረሱ እጅግ የሚያሳዝን ነው። ጁን 7 ቀን 1954፣ 42 ዓመት ሊሞላው 16 ቀን ሲቀረው፣ በሳያናይድ መርዝ ሞተ፤ መርማሪውም ራሱን እንዳጠፋ በየነ። በዚያን ጊዜ በሕያዋን አካል ላይ ቅርጽና ዝንጉርጉርነት እንዴት እንደሚፈጠር በሒሳብ ለማስረዳት የጀመረውን ምርምር ገና አልጨረሰም ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2009፣ የንግሥቲቱ ምሕረት የተሰጠውም በ2013 ነው።

ጄን ኦስተን ደግሞ ብዕሯን እንደያዘች ታመመች። የመጀመሪያ ልቦለዷ በ1811 ያለ ስሟ፣ “በአንዲት እመቤት” ተብሎ ታትሟል፤ በሕይወት ሳለች ከወጡት አራት ልቦለዶቿ በአንዱም ላይ ስሟ አልሰፈረም። በ1817 መጀመሪያ አዲስ ልቦለድ ብትጀምርም ሕመሙ ስለጠናባት ማርች ላይ አቋረጠችው፤ ጁላይ 18 ቀንም ዊንችስተር ከተማ ውስጥ አረፈች። ዛሬ ምስሏ በ10 ፓውንድ፣ የቱሪንግም በ50 ፓውንድ ኖት ላይ ይገኛል። በዊንችስተር ካቴድራል ያለው የመቃብር ድንጋይዋ ግን ስለ ደግነቷና ስለ እምነቷ እንጂ ስለ ልቦለዶቿ አንዳች ቃል አይናገርም፤ ጸሐፊ መሆኗን የሚገልጽ የናስ ሰሌዳ በአጠገቡ የተተከለው በ1872፣ ከሞተች ከ55 ዓመት በኋላ ነው።