«የራምቦ ቤት» የራምቦ አይደለም

ሐረር መጥቶ «የራምቦ ቤት»ን ሳያይ የሚመለስ እንግዳ ብዙም የለም። አይቶ ሲወጣ ደግሞ «ገጣሚው እንዴት ያለ ቤት ሠርቷል!» ይላል። እንግዳ ማስጎብኘት እንጀራዬ ነውና ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ይህን ቤት አልሠራም፤ አልኖረበትምም። ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1891 ማርሴይ ውስጥ ሲሞት ቤቱ ገና አልተሠራም ነበር። «እዚሁ ቦታ ላይ ቀድሞ በነበረ ቤት ኖሯል» የሚሉ አሉ፤ ይሁን። ፎቁን፣ ባለቀለም መስታወቱንና በሥዕል ያጌጠውን ጣሪያ ግን በዓይኑ አላያቸውም።

ይህን ለመለየት ምሁር መሆን አያሻም። የሐረሪ ቤት ፊቱን ወደ ግቢ ነው የሚያዞረው፤ ከመንገድ የሚታየው ግንቡ ብቻ ነው። ገባ ሲሉ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት ነደባዎች አሉ፤ የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው። የሕንዶቹ ግን ባለፎቅ ነው፤ በረንዳውም መንገዱን ወይም ግቢውን ቁልቁል ያያል። እ.ኤ.አ. በ1887 ምኒልክ ሐረርን ከያዙ በኋላ የመጡት ሕንዳውያን ነጋዴዎች ያመጡት አሠራር ነው። ዩኔስኮ እንኳ ስለ ጀጎል ሲጽፍ «የሕንድ ቤት» ብሎ ለብቻው ይጠቅሰዋል። በቀደም አንድ መምህር ተማሪዎቹን ሰብስቦ «ይህ ጥንታዊ የሐረሪ ቤት ነው» ሲል ሰማሁት። ጥግ ይዤ አስረዳሁት፤ ፊቱን አኮሳትሮ ያንኑ ደገመላቸው። ምን ይደረጋል!

ግጥሞቹን እዚህ ነው የጻፈው? ኧረ የለም! ግጥም የተወው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሐረር የመጣው ለባርዴ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው።

አልጋውና ወንበሩስ? አትፈልጉት። ያለው ፎቶ ነው፤ አንዳንዱን ያነሳው ራሱ ነው።

ባሪያ ይነግድ ነበር? ለምኒልክ ጠመንጃ መሸጡ እርግጥ ነው። ለባሪያ ንግዱ ግን አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም።

የራስ ተፈሪ ቤትም ታሪኩ ያው ነው። ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ፤ ተፈሪ የጫጉላ ጊዜያቸውን አሳለፉበት፣ ስሙ የሳቸው ሆኖ ቀረ። ስትሄዱ ከበሩ በላይ ቀና ብላችሁ እዩ። የተቀረጸው ጋኔሽ ነው፤ ባለዝሆን ራሱ የሕንዶች አምላክ። ራስ ተፈሪ እሱን በራቸው ላይ የሚያስቀርጹ ይመስላችኋል?