በመኪና ውድድር «የስኬት ክብደት» ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ የፍሬንና የመኪና እግር (የሞላና የጎማ ማያያዣ ክፍሎች) ሥራ የማስተምራቸው ሠልጣኞች ሰሞኑን አንድ የቆየ የቱሪንግ ካር (ለውድድር የተሻሻሉ የቤት መኪኖች) ውድድር ቪዲዮ አሳዩኝ። ውድድሩ የብሪታንያ ሻምፒዮና የዘመኑ (የውድድር ዓመቱ) መዝጊያ ሲሆን የተካሄደውም በእንግሊዙ የብራንድስ ሃች የውድድር መንገድ ነው። በአማርኛ የሚተርከው ሰው «የነጥቡ መሪ 75 ኪሎ ተቀጥቷል» አለ፤ ጥቂት ቆይቶም መሪው የመነሻ ቦታ በሚወሰንበት የሰዓት ማጣሪያ ስምንተኛ ሲወጣ «በመጨረሻው ሰዓት ብቃቱ ወረደ» ሲል ደመደመ። ይህንኑ አነጋገር ከሌሎች ተራኪዎችም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሁለቱም አባባሎች ስሕተት ናቸው፤ ሁለተኛው ስሕተት የተወለደውም ከመጀመሪያው ነው።

የስኬት ክብደት ማለት፣ ቀድሞ የተሳካለት መኪና በሚቀጥለው ውድድር ተሸክሞት እንዲሮጥ በውድድሩ ደንብ የተወሰነ ተጨማሪ ክብደት ነው። ቅጣት ጥፋትን ተከትሎ የሚመጣና ዳኞች ጉዳዩን አይተው የሚወስኑት ነገር ነው። ለምሳሌ ከውድድር በኋላ ሚዛን ላይ ወጥቶ ከዝቅተኛው ክብደት በታች የተገኘ መኪና ውጤቱ ይሰረዝበታል፤ ይህ ቅጣት ነው። የስኬት ክብደት ግን ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት በሰንጠረዥ ተጽፎ ሁሉም ፈርሞ የገባበት ሸክም ስለሆነ፣ የሚያርፍበት ሹፌር አንዳች ያጠፋው ነገር የለም።

በብሪታንያው ሻምፒዮና እስከ እ.ኤ.አ. 2021 የነበረው አሠራር እንዲህ ነው። በአንድ ቅዳሜና እሑድ አንድ ማጣሪያና ሦስት ውድድሮች አሉ። ለማጣሪያውና ለመጀመሪያው ውድድር ክብደቱ የሚደለደለው በአጠቃላይ የነጥብ ደረጃ ሲሆን መሪው ከፍተኛውን ክብደት ይጭናል (መጠኑ በየዓመቱ ይለዋወጥ ነበር፤ በ2021 75 ኪሎ ነበር)፤ ከእሱ በታች ያሉትም በደረጃቸው እየቀነሰ ይጫንባቸዋል። ለሁለተኛው ውድድር የሚታየው የመጀመሪያው ውጤት ነው፤ ለሦስተኛውም የሁለተኛው። እንግዲህ ተራኪው «ብቃቱ ወረደ» ያለበት ማጣሪያ፣ መሪው ከሰልፉ ሁሉ የበለጠውን ተጨማሪ ክብደት ጭኖ የነዳበት ማጣሪያ ነበር።

ለሠልጣኞቼ ነገሩን ያስረዳሁት በሊማሊሞ ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን ያን ጠመዝማዛ በጭነት መኪና የወረደ ሰው ክብደት ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ሁለት አንድ ዓይነት መኪኖች እኩል ጤፍ ጭነው ይውረዱ እንበል። የመኪኖቹ ባለቤቶችም «ባለፈው ጉዞ ቀድሞ የገባ በዚህኛው ስድስት ኩንታል ይጨምር» ብለው ይስማሙ። ስድስት ኩንታል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የውድድሩ መኪና ክብደት ሹፌሩን ጨምሮ 1,300 ኪሎ ገደማ ስለሆነ 75 ኪሎ ወደ ስድስት በመቶ ይጠጋል፣ ከነጭነቱ አሥር ቶን በሚመዝን መኪና ላይ ደግሞ ስድስት በመቶው ስድስት ኩንታል ነው። ያ የተጨመረበት ሹፌር ኩርባው ከመድረሱ በፊት ቀደም ብሎ ፍሬን ይይዛል፣ ከኩርባው ሲወጣም ሞተሩ ይከብደዋል። ኩንታሎቹ ወደ ኋላ ከተደረደሩ የመኪናው መሪ (ስቲሪንጉ) ይቀላል፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ በዚያ በኩል ያለው ሞላ ይጨመቃል። በውድድሩ መኪናም ተጨማሪው ክብደት፣ ማለትም የእርሳስ ብረቱ፣ የሚቀመጥበት ቦታ የተወሰነ ስለሆነ፣ መካኒኮቹ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ውስጥ የእግሩን አስተካከል ደጋግመው ይለውጣሉ። ምሳሌው የማይሠራበት ቦታ ግን አለ፤ የሊማሊሞው ሹፌር ማርሽ ቀንሶ ቀስ ብሎ መውረድ ይችላል፣ ተወዳዳሪው ይህ ምርጫ የለውም።

«75 ኪሎ እኮ የአንድ ሰው ክብደት ነው፤ ተሳፋሪ ብጭን መኪናዬ አይሰማውም» የሚል መልስ ደርሶኛል። በከተማ ፍጥነት እውነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ፍሬን የሚያጠፋው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ላይ ያ ተጨማሪ 75 ኪሎ ብቻውን ወደ 115 ኪሎ ጁል ይይዛል፤ ይህም አንድ ሊትር ውኃን በ27 ዲግሪ ያሞቃል። መኪናው ፍጥነቱን በቀነሰ ቁጥር አብዛኛው ወደ ዲስኩና ወደ ሸራው ይገባል፣ በየኩርባውና በየዙሩም ይደገማል። ፍሬን ዘይት እርጥበት እየሳበ ሲያረጅ የሚፈላበት ሙቀት ስለሚወርድ፣ ዘይቱን በጊዜው ሳይለውጡ ጭነት መጨመር በማናቸውም መኪና አደገኛ መሆኑን እዚህ ላይ ሳልናገር አላልፍም። ጎማውም ቢሆን ክብደት በተጨመረበት ልክ አስፋልቱን አጥብቆ አይዝም፤ የመያዝ አቅሙ የሚጨምረው ክብደቱ ከሚጨምርበት መጠን ባነሰ ነው። የፊት እግሩ በሚጎትተው መኪና ደግሞ መጎተቱም መታጠፉም አብዛኛው የፍሬን ሥራም በእነዚያው ሁለት ጎማዎች ላይ ስለሚወድቅ እነሱ ቀድመው ይደክማሉ።

ይህ ሁሉ በዘመኑ መዝጊያ ላይ ይጎላል። አሸናፊው 20 ነጥብ፣ ሁለተኛው 17፣ ስምንተኛው 8 ያገኛል። ሙሉ ክብደት ይዞ ስምንተኛ የገባ መሪ 8 ነጥቡን ይዞ ለሁለተኛው ውድድር ቀለል ብሎ ይነሣል፤ ይህን «ሆን ብሎ ተሸነፈ» የሚሉም አሉ። አልቀበለውም፤ በሻምፒዮና ማብቂያ 12 ነጥብ አሳልፎ የሚሰጥ ሹፌር አላየሁም። ቦታውን ጠብቆ፣ ጎማውን አድኖና ግጭት ሸሽቶ ስምንተኛ መግባት ግን ከባድ መኪና ለያዘ ሰው ጥሩ ሥራ ነው። ከዘመኑ የመጨረሻ ውድድር በኋላ ሸክም የሚከተለው ስለሌለ፣ በዚያ በመጨረሻው ውድድር ሁሉም ያለ ይሉኝታ ይነዳል።

የመኪና ዓይነቶችን ማመጣጠንም ከዚህ ጋር ይምታታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው ቲ ሲ አር በተባለው የቱሪንግ ካር ደንብ፣ የአንድ ሞዴል ክብደት፣ የሞተር ኃይልና ከመሬት ያለው ከፍታ ከሌላው ሞዴል ጋር እንዲቀራረብ ይስተካከላል። ያ የሚመለከተው ሞዴሉን ነው፤ ሹፌሩ ትናንት ያሸንፍ ይሸነፍ አይጠይቅም።

ብሪታንያ እርሳሱን እ.ኤ.አ. በ2022 አውጥታ በሃይብሪድ ጉልበት (ሞተሩን በሚያግዝ የኤሌክትሪክ ኃይል) ተካችው፤ መሪው ያን ተጨማሪ ግፊት ከሌሎቹ ባነሰ ጊዜ እንዲጠቀም ተደረገ። በ2025 ሃይብሪዱም ሲቀር ልዩነቱ ወደ ቱርቦ ግፊት (ወደ ሞተሩ አየር አጭቆ ኃይል ወደሚጨምረው) ተዛወረ። ሸክሙ መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። ቱሪንግ ካር ባይሆንም ሱፐር ጂቲ በተባለው የጃፓን የስፖርት መኪና ውድድር ለብዙ ዓመታት የሠራው ደንብ የተለየ ነው፤ በነጥብ ልክ የተጠራቀመው ክብደት ከመጨረሻው በፊት ባለው ውድድር በግማሽ ይቀነሳል፣ በመጨረሻው ደግሞ ፈጽሞ ይወርዳል። በዚያ ቀን መሪው ስምንተኛ ቢወጣ ተራኪው «ብቃቱ ወረደ» ሊል ይችላል፤ እኔም አልከራከረውም።